ሞተርን በትንፋሽ የሚቆልፍ መሣሪያ፦ የአሜሪካ ታሪኩ

ሰክሮ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለ ሰው መኪና ውስጥ የሚገጠመውና ኢግኒሽን ኢንተርሎክ በሚል ስም የሚታወቀው መሣሪያ፣ አሽከርካሪው ወደ ቱቦው ተንፍሶ በትንፋሹ ያለው አልኮል ከተፈቀደው መጠን በታች መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያግድ መቆለፊያ ነው።

መለኪያው ከመቆለፊያው በፊት የተገኘ ነው። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ሮላ ሃርገር በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድራንኮሜተር የተባለውን መሣሪያ ሠሩ፤ ተጠርጣሪው ፊኛ ከነፋ በኋላ አየሩ በሐምራዊ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ፣ የቀለሙ መደብዘዝ አልኮል መኖሩን ያመለክት ነበር። በዚያው ግዛት ፖሊስ ያገለገሉት ሮበርት ቦርከንስታይን በ1954 የሠሩት ብሬዝአላይዘር ደግሞ የቀለሙን ለውጥ በብርሃን ስለሚለካ፣ ምርመራው ለተራው ፖሊስ ቀለል አለለት።

ይህን መለኪያ ከሞተር ማስነሻ ጋር የማገናኘቱን ሐሳብ በ1969 በመሣሪያ መልክ ያቀረበው የመኪና ዕቃ አምራቹ ቦርግ-ዋርነር ነው። ጄኔራል ሞተርስ በበኩሉ ትንፋሽን ትቶ፣ ለቅጽበት የታዩ ቁጥሮችን አሽከርካሪው መልሶ እንዲያስገባ የሚጠይቅ የንቃት ፈተና ሞከረ፤ ይሁን እንጂ መጠጥ የለመደ ሰው ሊያልፈው፣ ያልጠጣውም ሊወድቀው ስለሚችል ትንፋሽ የተሻለ ዳኛ ሆኖ ተገኘ።

የመሣሪያውን ዕጣ ከቴክኒኩ ይልቅ የወሰነው ግን፣ ከመጠጥ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የ1974 ውዝግብ ይመስላል። በዚያ ዓመት ሞዴል መኪኖች የፊት ተቀማጮች ቀበቶ ካላሰሩ ሞተሩ እንዳይነሣ በደንብ ሲታዘዝ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ የገበያ ዕቃ ሳይቀር መኪናውን ያስቆመባቸው ዜጎች በማጉረምረማቸው፣ ኮንግረስ ግዴታውን በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሻረው። ሁሉንም ሰው የሚጠረጥር መቆለፊያ ተቀባይነት ባያገኝም፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ባለው ሰው መኪና ላይ ሲሆን ግን የሚቃወመው ብዙ አልነበረም፤ በመሆኑም ካሊፎርኒያ በ1986 ባወጣችው ሕግ መሣሪያው በ4 አውራጃዎች እንዲሞከር ፈቀደች።

ጥፋተኞቹም ብልሃት አላጡም፤ ሌላ ሰው እንዲተነፍስላቸው አደረጉ፣ በፊኛ የተጠራቀመ አየርም ተጠቀሙ። አምራቾቹ በምላሹ እያንጎራጎሩ መንፋትን የሚጠይቅ ዘዴ፣ ቆይቶም ካሜራ ጨመሩ፤ በጉዞ መካከል ድንገት የሚጠየቅ ድጋሚ ፈተናም አመጡ። ይኸኛው ፈተና ሲወድቅ ሞተሩ አይጠፋም፤ መኪናው መንገድ መሐል ቢቆም አደጋው ይብሳልና ጡሩምባ ማስጮህና ውጤቱን መመዝገብ ይመረጣል። የሲጋራ ጢስ ጭምር ያሳስተው የነበረው የቀድሞው የሰሚኮንዳክተር ሴንሰርም፣ አልኮልን በኬሚካል ሂደት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ፊውል ሴል ተተካ። ያም ሆኖ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ መሣሪያው ተገጥሞ ሳለ የሚቀንሰው ጥፋት ከተነሣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ያገረሻል፤ ልማዱን ሳይሆን እጅን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ይህ ሊያስገርም አይገባም።

ኒው ሜክሲኮ በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ለተባሉት ሁሉ መሣሪያውን ግዴታ ስታደርግ ሌሎች ግዛቶች ተከተሏት። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ ስካርን ያለ ቱቦ የሚለይ ቴክኖሎጂ በአዲስ መኪኖች ሁሉ እንዲገጠም የሚያስገድድ ደንብ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲወጣ በማዘዙ፣ የ1974ቱ ክርክር እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ቀነ ገደቡም ደንቡ ሳይወጣ አለፈ።