በሽተኛን ጥሎ ላለመሄድ

የአክስቴ ልጅ ጤና መኮንን ነው። የሚሠራበት ወረዳ ክረምት ከገባ መኪና የሚያየው እግዜር ሲፈቅድ ነው። ኮሮና ከመምጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በሰኔ፣ ፈተና ሊወስድ አዲስ አበባ መጣና እኔ ቤት አረፈ። ሻንጣውን ሲከፍት ልብስ የሚባለው ሁለት ሸሚዝ ነው፤ የቀረው ጠርዙ የተላላጠ፣ የሻማ ጠብታ ያረፈበት የሞጁል ክምር ነው።

«ምንድነው የምትማረው?» አልኩት።

«ዓለም አቀፍ የጤና ፍትሐዊነት። ማስተርስ ነው። በርቀት፣ ከሥራዬ ጋር።»

እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጣ። ደግሞ ፍትሐዊነት በማስተርስ ይማሩታል እንዴ? ድሀ ቀድሞ እንደሚሞት ለማወቅ የፈረንጅ ወረቀት ያስፈልጋል? እንዲህ ብዬ ስቀልድበት አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ድሀ ቀድሞ እንደሚሞትማ ሁሉም ያውቃል። የትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ምክንያት ብለው ቢጠይቁ ግን የሚመልስልዎት የለም» አለኝ።

መልስ አጣሁ። እሱ ለፈተናው ሲያጠና እኔ ደግሞ ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ መቆፈር ጀመርኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የድሀ አገር በሽታ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የተከፈተው ድሀ አገር ውስጥ አልነበረም። በ1898 ሊቨርፑል ላይ፣ በ1899 ደግሞ ለንደን ላይ የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። የሊቨርፑሉን ያስጀመረው አልፍሬድ ጆንስ የሚባል ከምዕራብ አፍሪካ ጋር የሚነግድ የመርከብ ባለሀብት ነው። የለንደኑ ደግሞ ፓትሪክ ማንሰን በተባለ ሐኪም አሳቢነትና በቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ በጆሴፍ ቻምበርሊን ድጋፍ፣ ወደብ ዳር በነበረ የመርከበኞች ሆስፒታል ውስጥ ተጀመረ። ለምን እንደተከፈቱ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ወደ ቅኝ ግዛት የሚላከው ሹምና ነጋዴ በወባ እንዳያልቅ ነው። በሽታው አፍሪካና እስያ፣ ወንበሩና መጽሐፉ ግን ቴምዝ ዳር! ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአፍሪካን ጤና በወግ ማጥናት የፈለገ ሰው፣ አፍሪካዊው ራሱ ሳይቀር፣ አፍሪካን ጥሎ መውጣት ነበረበት። ከወጣ በኋላስ? ስንቱ እንደተመለሰ አንባቢዬ ከዘመድ ከጎረቤቱ ቆጥሮ ይድረስበት።

ደግነቱ እዚያው ለንደን ውስጥ ሌላ በር ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 ባገኘው አዲስ ቻርተር፣ ክፍል ገብቶ ያልተማረ ሰው እንኳ ፈተናውን ካለፈ ዲግሪ እንዲያገኝ ተፈቀደ። በ1865 ፈተናው ከብሪታንያ ውጪ ተሰጠ፤ የት ቢሉ ሞሪሺየስ ደሴት ላይ። በርቀት ዲግሪ መያዝ የሚባለው ነገር አንዱ ሥር እንግዲህ አፍሪካ አጠገብ ነው። ኔልሰን ማንዴላ ሮበን ደሴት ታስረው ሕግ ያጠኑት በዚሁ በለንደን ፕሮግራም ነበር፤ ዲግሪውን ግን በመጨረሻ በ1989 ያገኙት ከደቡብ አፍሪካው የርቀት ዩኒቨርሲቲ ከዩኒሳ ነው። ሕግ በደብዳቤ ይማሩታል፤ ሕክምናና ጤናስ? ያ የማንሰን ትምህርት ቤት የርቀት ማስተርስ የጀመረው በ1998 ነው፤ በተመሠረተ በ99 ዓመቱ መሆኑ ነው። መርከብ ላይ ተሳፍረው ይመጡበት የነበረው ትምህርት በፖስታ ተሳፍሮ ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ ጀመረ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ካላነሳሁ ነውር ነው። የአክስቴ ልጅ ሙያ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ጥያቄ ነውና። በ1953 ጣና ዳር ደንቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ውስጥ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም፤ የአዲስ አበባው አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው። ስለዚህ ምን ተደረገ? ሐኪም እስኪገኝ አንጠብቅም ተባለና ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ላይ እየሠለጠኑ፣ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላኩ ሆነ። ወረርሽኙ ያለበት አገር ላይ ትምህርት ቤት መክፈት ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የለንደኖቹን አጀማመር ላየ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ወደ ሞጁሎቹ ልመለስ። ልጁ ሲተኛ አንዱን አንስቼ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ማርጋሬት ዋይትሄድ የምትባል እንግሊዛዊት በ1990 ለዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ የጻፈችው ሐሳብ ተብራርቷል። ልዩነት ሁሉ በደል አይደለም ትላለች። ሽማግሌ ከጎረምሳ ይልቅ ቢታመም የተፈጥሮ ነው። ሊቀር ሲችል ያልቀረ፣ ሳያስፈልግ የመጣ፣ ፍትሕ የጎደለው ልዩነት ሲሆን ነው ኢፍትሐዊ የሚባለው። ወንዝ ማዶ ያለችው ወላድ ከወንዝ ወዲህ ካለችው ይልቅ የምትሞት ከሆነ፣ ያ ዕድሜም ተፈጥሮም አይደለም። ያን ማታ ሳቄን በልቤ መለስኩት።

ሌላው ገጽ ላይ የዌልሱ ሐኪም ጁልያን ቱዶር ሃርት አለ። እሱን ወድጄዋለሁ። ግሊንኮሩግ በሚባል የከሰል ቆፋሪዎች መንደር ውስጥ በሽተኛ ሲያክም የኖረ ሰው ነው። በ1971 ላንሴት መጽሔት ላይ የጻፈው ሐሳብ ባጭሩ፣ ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው እምብዛም በማይፈለግበት ቦታ ነው፤ በጣም የሚፈለግበት ቦታ ላይ ደግሞ ይጠፋል የሚል ነው። ይህን ያህል ዓለም የተቀባበለው ሐሳብ የወጣው ከመንደር ሐኪም እጅ ነው። መንደሩን ለቆ ቢሄድ ኖሮ ያየው ነበር? እኔ እንጃ።

አሜሪካዊው ፖል ፋርመርም የዚሁ ዓይነት ሰው ነበር። በ1984 ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ቢገባም ልቡ ሄይቲ፣ ካንዥ የምትባል የድሀ መንደር ውስጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ እያሳለፈ ለላቦራቶሪና ለፈተና ወደ ቦስተን ብቅ ይል ነበር። የርቀት ተማሪ ብሎ የመዘገበው የለም እንጂ ሥራው ያ ነው። ተመረቀ፤ እሱና ጓደኞቹ በ1987 ያቋቋሙት ድርጅትም ኋላ ሩዋንዳ ገባ። በሰሜን ሩዋንዳ ቡሬራ አውራጃ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ የአውራጃ ሆስፒታል ግን አልነበረውም። በ2011 ቡታሮ ኮረብታ ላይ ሆስፒታል ተከፈተ። በ2015 ደግሞ የዓለም አቀፍ የጤና ፍትሐዊነት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው የማስተርስ ክፍል 24 ተማሪዎች ነበሩት፤ ሥራቸውን ሳይለቁ በትርፍ ጊዜያቸው ለሁለት ዓመት ተምረው በ2017 ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ግቢ ቡታሮ ላይ ሠርቶ በ2019 አስመረቀ፤ ማስተርሱም የሙሉ ጊዜ ሆነ። ፋርመር በየካቲት 2022 ያረፈው እዚያው ቡታሮ ነው።

አሁን ይሄን ሁሉ ስናገር የርቀት ትምህርት ሁሉን ፈታ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ራሱ ፍትሕ ይጎድለዋል። ክፍያው በፓውንድ ወይ በዶላር ነው፤ ደመወዙ በብር ነው። ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ ዛሬ ልጀምር የሚል ጤና መኮንን ያንኑ ሞጁል በእጥፍ ብር ይገዛል። ወረርሽኙ በ2020 የፈተና አዳራሾችን ሲዘጋ ብዙው ነገር ኢንተርኔት ውስጥ ገባ፤ ለአዲስ አበባ ልጅ እሰየው ነው፤ መብራት በፈረቃ ለሚያይ ሰው ግን መከራ ነው። የአክስቴ ልጅ የመጨረሻውን ጽሑፍ የላከው ሦስት ሰዓት በእግር ሄዶ፣ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ቆሞ ነው። ብቸኝነቱም አለ። «ሐሳብ መጥቶልኝ የምነግረው ሰው አጥቼ ለዘበኛው ነግሬዋለሁ» ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ሊያቋርጠው ነበር። ጥሎ ሄዶ በመደበኛ እንዲማር ብዙ ሰው መክሮታል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። እሱ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ከሄድኩ ማታ ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣ ማን ይነሳላታል?»

የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በጤና ጣቢያው የወሊድ መዝገብ ነው። ያ አቧራ የጠጣ ትልቅ ደብተር ከበፊትም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። የአምስት ዓመቱን መዝገብ አገላብጦ እያንዳንዷ እናት ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር እንደመጣች ለየ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከወንዝ ማዶ ካሉት ሦስት ቀበሌዎች የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል። እናቶቹ በክረምት መውለድ አላቆሙም፤ ወንዙ ሞልቶ ነው። ለዓመታት በሪፖርት ላይ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ» እየተባለ ሲጻፍ የነበረው ይኸው ነው! ወረቀቱን ይዞ ስብሰባ ላይ አቀረበ። ድልድይ የመንገድ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከተንም ተባለ። ተናደደ፤ ግን አልተወም። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ሆኖ የማዶዎቹ እናቶች ወራቸው ሲገባ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ተሻግረው የእናቶች ማቆያው ውስጥ እንዲቆዩ አግባቡ። ስንቁን ዘመድ ያመጣል፣ ጎደሎውን ጤና ጣቢያው ይሞላል።

ድልድዩ እስካሁን አልተሠራም። ባለፈው ሐምሌ ደውዬለት እንደምንም አገኘሁት። ዲግሪውን የት ሰቀልከው ብለው ከነፖስታው ሻንጣ ውስጥ ነው አለኝ። ከጀርባው የሴቶች ሳቅ ይሰማል። «ማዶዎቹ ናቸው ጋሼ፤ ስድስት ሆነዋል። ቡና እያፈሉ ነው፣ ልሂድ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።