ትርፉን ይነግሩናል፤ ዕዳውንስ?

ምርጫ በመጣ ቁጥር ከምድር በታች ስላለው ሀብት ብዙ ይነገረናል። ጋዙ ይወጣል፣ የድንጋይ ከሰሉ ይቆፈራል፣ ፋብሪካ ይተከላል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል ይባላል። ስለሚበላሸው ውኃ፣ ስለሚታጠረው ግጦሽና ስለሚመነጠረው ደን አቋሙን የሚያስረዳ ዕጩ ግን እምብዛም አልሰማሁም። ይህ ዝምታ ታሪክ አለው። የሶማሌ ክልልን ምሳሌ አድርጌ በአጭሩ ልመልከተው።

ነገሬን ከሸደር እጀምራለሁ። ሸደር ከጅግጅጋ በስተሰሜን፣ በአውበሬ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ በ2000 ዓ.ም. ከሶማሊያ ለተሰደዱ ሰዎች ካምፕ ተከፍቶባታል። የካሉብ ጋዝ ከእርሷ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ይሁንና የማገዶ ሒሳብ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ የነበረው የሐርትሼክ ካምፕ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ በዙሪያው የነበረው ዛፍና ቁጥቋጦ ለማገዶና ለከሰል ክፉኛ ተመንጥሮ ነበር። ከሰሉን የነገደው ትርፉን ይዞ ሄደ፤ የዛፉን ጥላና የከብቱን መኖ ያጣው ግን እዚያው የቀረው አርብቶ አደር ነው። የጋዙም ጥያቄ በመሠረቱ ይኸው ነው።

በካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ቴኔኮ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በዘመኑ ፓርላማ ቢኖርም ፓርቲ አልነበረም፤ ስለዚህ የሚጠየቅ አቋም አልነበረም። ደርግ ሲመጣ ቴኔኮ ወጣ፤ ሶቪየቶች ተተክተው ቆፈሩ። የአካባቢውን ሕዝብ ግን ማንም አላማከረውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ይለውጣል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 92 ሕዝቡ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘውን ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ያደርገዋል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ወጣ። ወረቀቱ ጉድለት አልነበረበትም፤ የጎደለው ወረቀቱን ይዞ የሚከራከር ዕጩ ነው። የ1997ቱ ምርጫ ክርክር በመሬት ባለቤትነትና በወደብ ላይ እንጂ በዚህ ላይ አልደመቀም።

ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ላይ ኦብነግ በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ ባደረሰው ጥቃት 9 ቻይናውያንና 65 ኢትዮጵያውያን ተገደሉ። ተከትሎ የመጣው ወታደራዊ ዘመቻ ደግሞ ሰላማዊውን ሕዝብ እጅግ ጎዳ። እንደ እኔ እምነት ዝምታው ሥር የሰደደው ያኔ ነው። ኦብነግ ሀብቱ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ገዥው ፓርቲ ልማት ይመጣል ብሎ ይመልሳል። የውኃው ጉዳይ በሁለቱ መካከል ጠፋ፤ ያነሳውም ሰው በአማፂ ደጋፊነት መጠርጠርን ይፈራ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በአስመራ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ክርክሩ ከጫካ ወደ ምርጫ መድረክ ይመጣል የሚል ተስፋ ነበረኝ። በየካቲት 2012 ዘ ጋርዲያን በካሉብ አካባቢ ነዋሪዎች ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ እንደያዛቸውና ጋዙን ምክንያት እንደሚያደርጉ ዘገበ፤ መንግሥት አስተባበለ። ከዚህ የበለጠ ለምርጫ ክርክር የሚሆን ርእስ ከየት ይመጣል? ነገር ግን በክልሉ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ ኦብነግ ከውድድሩ ወጥቶ ነበር። ክርክሩ ሳይጀመር ቀረ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል የተባለው ፕሮጀክት ሲመረቅም የሰማነው ስለ ትርፉ ነው።

ችግሩ የሶማሌ ክልል ብቻ አይደለም። በኢሉባቦር ያዩ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ይመረታል ተብሎ በሜቴክ እጅ የተጀመረው ግንባታ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ያዩ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የጫካ ቡና አገር ነው። ብዙ ሀብት ፈሰሰ፤ ማዳበሪያውም አልተገኘም።

ጋዝ አይውጣ አልልም። እንዲያውም ጋዙ ሸደር ምድጃ ላይ ቢደርስ ኖሮ ዛፉም ይተርፍ ነበር። ድምፃችንን ለሚጠይቅ ዕጩ ሁሉ ግን ሦስት ጥያቄ እናቅርብ። የተፅዕኖ ግምገማው በሶማሊኛ ተተርጉሞ ለአካባቢው ሕዝብ ይነበባል ወይ? ውኃው ቢበከል ከኩባንያው ነፃ ሆኖ የሚመረምረው ማን ነው? ጋዙስ ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት ከሰል ለሚያከስለው ድሃ ቤት በስንት ይደርሳል?

መልስ የሌለው ዕጩ ትርፉን ለራሱ፣ ዕዳውን ለእኛ አስቦልናል ማለት ነው።