ከንግድ ትምህርት ቤት ደጅ በፊት ስላለው የዕረፍት ዘመን

ከሥራው ተለይቶ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያለ ደመወዝና ያለ ማዕረግ የቆየ ወጣት፣ ወደ ከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤት የሚያስገባውን ማመልከቻ ለመጻፍ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው በሕይወት ታሪኩ ገጽ ላይ ክፍት ሆኖ የቀረው ስፍራ ነው፤ የታመመች እናቱን ሲያስታምም የቆየም ቢሆን፣ ድካም በዝቶበት ነፍሱን ሊያሳርፍ የወጣም ቢሆን፣ ፈታኞቹ ነገሩን እንደ ሐኬት እንዳይቈጥሩበት ይሠጋል። ሥጋቱ የሰውን ጠባይ ለሚያውቅ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ነገር ግን የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ታሪክ ከሥሩ ለመረመረ ሰው እውነቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ዛሬ ስማቸው በዓለም የገነነው የአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች ክብራቸውን ካጸኑላቸው ደቀ መዛሙርት መካከል ስመ ጥሮቹ፣ ትምህርታቸውና ሥራቸው ለዓመታት የተቋረጠባቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

በመጀመሪያው ዘመን እንዲህ ያለ ክፍተት የሚታሰብ አልነበረም። ጆሴፍ ዋርተን የተባለው የፊላደልፊያ ባለጸጋ 100,000 ዶላር ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ1881 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስመሠረተው ትምህርት ቤት የሚቀበለው ገና የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩትን ልጆች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በዳርትመዝ ኮሌጅ የተቋቋመው የታክ ትምህርት ቤትም፣ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ የሆነ የንግድ ትምህርት በመስጠት ፊተኛ ቢሆንም፣ የኮሌጁ አራተኛ ዓመት ለእርሱ አንደኛ ዓመት ሆኖ እንዲቈጠር ፈቅዶ ስለነበረ፣ ተማሪው ከአንዱ ወንበር ተነሥቶ በሌላው ይቀመጥ ነበር እንጂ በመካከሉ ዓለምን የሚያይበት ፋታ አልነበረውም። ሐርቫርድም እ.ኤ.አ. በ1908 የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ የሆነውን ኤድዊን ጌይን በዲንነት ሹሞ፣ ከመቶ በማይበልጡ ተማሪዎች የንግድ አስተዳደር ማስተርስ ትምህርትን ሲጀምር፣ ንግድ በዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ሊነገር የሚገባው ዕውቀት ስለመሆኑ የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ።

ነገሩን የለወጠው በመጀመሪያ የማስተማሩ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በሐርቫርድ የጌይ ተከታይ ዲን የሆነው ዋላስ ዶናም በሕግ ትምህርት ቤት የተማረና በባንክ ሥራ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ የሕግ ተማሪዎች የተፈረደን ጉዳይ እየመረመሩ እንደሚማሩ ሁሉ፣ የንግድ ተማሪዎችም በአንድ ድርጅት ላይ በእርግጥ የደረሰውን ችግር እየመረመሩ እንዲማሩ አደረገ። በእኛ የመጻሕፍት ጉባኤ ደቀ መዝሙሩ ንባቡን ተከትሎ አንድምታውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ በዚያ ግን መምህሩ ጥያቄ እየጣለ ያከራክራል እንጂ ትርጓሜውን የሚያወጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች አንዱ ስለ አንድ ጫማ ፋብሪካ የሚናገር ነበር፤ ነገሩም ሠራተኞቹ ከመውጫው ሰዓት አስቀድመው ሥራ እያቆሙ ወደ መታጠቢያው በመሄድ ላስቸገሩት ድርጅት ምን ይሻለዋል የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከኮሌጅ በቀጥታ የመጣ የ21 ዓመት ልጅ ቢጠየቅ፣ ደመወዛቸው ይቈረጥ ብሎ ፈጥኖ መፍረዱ አይቀርም፤ በሰው ሥር ታዝዞ የሠራ ወይም ራሱ ሰው ያዘዘ ግን፣ የመታጠቢያው ቧንቧ ለስንት ሰው ስንት ነው፣ ወረፋውስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል ብሎ ይጠይቃል። ጉባኤው የተማሪዎቹን ተመክሮ መጽሐፉ ካደረገ፣ ያልኖረ ተማሪ የሚያነበው ገጽ የለውም።

ሁለተኛውና ታላቁ ለውጥ የመጣው ማንም ባልመረጠው መንገድ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጦርነቱ ዘመን የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የተለመደውን ትምህርቱን ትቶ ግቢውን የጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገው፤ ነጋዴ ወይም ሒሳብ ዐዋቂ ሊሆን ያሰበውም ወጣት ሁሉ ወደ መርከብ፣ ወደ አውሮፕላንና ወደ ምሽግ ሄደ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰኔ 22 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የተመላሽ ወታደሮች ሕግ፣ ለትምህርት ክፍያ በዓመት እስከ 500 ዶላር፣ ለኑሮ ደግሞ በወር ለብቸኛው 50፣ ቤተሰብ ላለው 75 ዶላር እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ ከሰላም በኋላ የዩኒቨርሲቲዎቹ ደጅ በተመላሾች ተጨናነቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ከአገሪቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ እነርሱ ነበሩ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ምን ይዘው መጡ ብለን ብንጠይቅ፣ ብዙዎቹ በንግድ ቤት አንድ ቀን እንኳ አልዋሉም። በሥራ መዝገብ ቢታይ ኑሯቸው ባዶ ነበር። ይሁን እንጂ በዕድሜ ከእነርሱ የሚበልጠውን ወታደር አዝዘዋል፣ ወዳጅ ቀብረዋል፣ ስንቅና ጥይት በሰዓቱ ካልደረሰ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 ከሐርቫርድ ከተመረቁት ከ600 በላይ ተማሪዎች አብዛኞቹ ከጦር የተመለሱ ናቸው፤ ይህ ማኅበር ለአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ካበረከታቸው መሪዎች ብዛት የተነሣ ፎርቹን የተባለው የንግድ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ እነርሱ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ከእነርሱ አንዱ በባሕር ኃይል ያገለገለው ጄምስ በርክ ነው፤ እርሱም የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ዋና አስተዳዳሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ ታይለኖል በተባለው መድኃኒት ውስጥ ሰው መርዝ ጨምሮ 7 ነፍስ በጠፋ ጊዜ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት 31 ሚሊዮን ያህል ብልቃጥ ከገበያ እንዲሰበሰብ አደረገ። ያን ቈራጥነት ያስተማረው ባሕሩ ነው ወይስ ጉባኤው ብዬ ለመለየት አልደፍርም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ሕይወት ተከታትለው መገኘታቸው ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከኮሌጅ በቀጥታ የሚገቡ ተማሪዎች ባይጠፉም፣ ከትምህርት ውጭ መቆየት ቀስ በቀስ ልማድ፣ ኋላም ከሞላ ጐደል ግዴታ ሆነ። ሐርቫርድም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ፣ ገና በኮሌጅ ያሉትን ብሩህ ተማሪዎች አስቀድሞ ከተቀበለ በኋላ፣ ሁለት ዓመት በውጭ ሠርታችሁ ተመለሱ ይላቸው ጀመር።

በእኛም አገር ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ የዲግሪ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ የሚበዙትም በመምህርነት ይመደቡ ነበር። የንግድ አስተዳደር ተማሪውም ከዚህ አልተለየም። ስለ ገበያ በመጽሐፍ ያነበበው ልጅ፣ የአውራጃው ገበሬ እህሉን አሸክሞ ማለዳ መጥቶ ነጋዴው በነገረው ዋጋ ሸጦ ሲመለስ በዓይኑ የማየት ዕድል ያገኘው በዚያች ዓመት ነው። ያ ሥርዓት መቅረቱን እንደ ጉዳት እቈጥረዋለሁ።

ስለዚህ ከሥራህ ተለይተህ የቆየህ ወንድሜ፣ የቆየሽም እኅቴ፣ ያችን ዓመት በማመልከቻችሁ ላይ አትደብቋት፣ በተውሶ ማዕረግም አታልብሷት፤ የት እንደነበራችሁ፣ ማንን እንደረዳችሁ፣ ምን እንዳያችሁ በግልጥ ጻፉ። ፈታኞቹም የራሳቸውን ትምህርት ቤት ታሪክ ካልዘነጉ፣ እንዲህ ያለውን ቃል በአክብሮት ሊያነቡት ይገባል።