አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ መላ፦ ሰው ለራሱ ያወጣው ስም

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ዝናው የተሰማ የጦር አለቃ በአንድ ስም ብቻ አይጠራም ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት የመጠሪያ ስም፣ በአርባ ቀኑ ቄስ የሰየመው የክርስትና ስም፣ ዙፋን ላይ ከወጣም የመንግሥት ስም የሚባለው ስያሜ ነበረው፤ ከእነዚህ ሁሉ በተለየ ደግሞ ጦርና ጋሻ አንሥቶ፣ ለውጊያ የሚቀመጥበትን ፈረስ ከያዘ በኋላ የሚታወቅበት የፈረስ ስም ነበረው። የፈረስ ስም «አባ» በሚለው ቃል ይጀምርና ፈረሱ የሚጠራበትን ቃል ያስከትላል፤ ፈረሱ ታጠቅ ከተባለ ጌታው አባ ታጠቅ፣ ፈረሱ ዳኘው ከተባለ ጌታው አባ ዳኘው ይሆናል ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው ብሂል ለመጠሪያ ስም ይሠራ ይሆናል፤ የፈረስ ስም ግን መልአክም ወላጅም ያላወጣው፣ ጎልማሳው ሰው ምን ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ ራሱ አስቦ የመረጠው ስም ነው።

«አባ» እዚህ ላይ የመነኮሳት መጠሪያ ከሆነው «አባ» ጋር መምታታት የለበትም፤ ትርጉሙ አባት ወይም ባለቤት ሲሆን፣ ይህ አጠራር በኦሮምኛ አባ ዱላ፣ አባ ገዳ በሚሉት የማዕረግ ስሞች ውስጥ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። ልማዱ በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር የግቤ መንግሥታት ታሪክ ያሳያል፤ በሊሙ እናርያ ንጉሡ ኢብሳ የሚታወቁት በአባ ባጊቦነታቸው ሲሆን፣ በጅማም ከአባ ጅፋር ቀዳማዊ ጀምሮ ነገሥታቱ በተከታታይ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው፤ የተወለዱበት ስም የታሪክ አጥኚዎች ብቻ የሚያስታውሱት ሆኖ ቀርቷል። በሰሜን ደግሞ ከየጁ መሳፍንት የመጨረሻው ራስ አሊ አባ ቡላ፣ በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና ይባሉ ነበር። ዲና በኦሮምኛ ጠላት ማለት ነው፤ በኋላ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የፖሊስ ኮሌጅም አባዲና መባሉ፣ ትርጉሙን ለሚያውቅ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው።

የስሙን ክብደት ለመረዳት ፈረስና በቅሎ በመኳንንቱ ሕይወት የነበራቸውን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል። መኮንኑ ረጅም መንገድ የሚጓዘው በበቅሎ ነው፤ በቅሎ ገደል አይፈራም፣ እርምጃው የለሰለሰ ነው፣ በዋጋም ከፈረስ የሚበልጥ ሰጋር በቅሎ ብዙ ነበር። ፈረሱ ግን ኮርቻው ላይ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ግላስ የሚባለውን ጌጠኛ ልብስ ለብሶ፣ በአሽከር እየተሳበ ከጌታው ኋላ ይከተላል፤ ጌታው ከበቅሎው ወርዶ ፈረሱ ላይ የሚወጣው ውጊያ ሲቃረብ ወይም በበዓል ቀን ጉግስ ሲጫወት ነው። ያን ጊዜ ባዶ እግሩን የሆነው ፈረሰኛ አውራ ጣቱን ብቻ በምታስገባው ጠባብ እርካብ ላይ ተደግፎ፣ በአንድ እጁ ልጓም በሌላው ጦር ይዞ ይጋልባል። መኮንኑ ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ ቢሄድም በበቅሎው ስም የተጠራ ጌታ አልታየም፤ ስሙ የተወሰደው ሰው ለሞት ከሚቀርብበት እንስሳ ነው።

የስሞቹ ሰዋስው ራሱ ብዙ ይናገራል። ቡላ፣ ዳማ፣ ቦራ እንደሚሉት ያሉ የመልክ ቃላት ፈረሱን ብቻ የሚገልጹ ናቸው፤ ከዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ወዲህ ገናና የሆኑት ስሞች ግን አብዛኞቹ ግሥ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ትእዛዝ። የቋራው ካሳ፣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት፣ ፈረሳቸውን «ታጠቅ» አሉት። ፈረስ እንደማይታጠቅ ግልጽ ነው፤ ቃሉ በፈረሱ በኩል አልፎ የሚደርሰው ከኋላ ለሚከተለው ሰው ነው። የትግራዩ ካሳ ምርጫ ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው፤ በ1864 ዓ.ም. ሲነግሡ የወንጌላዊውን ስም ወስደው ዮሐንስ የተባሉት፣ በሃይማኖተኛነታቸው የታወቁት ንጉሥ የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ነበር። ሆኖም ደመወዝ የማይቆረጥለት ወታደር ኑሮው በግዳይና በምርኮ ላይ በተመሠረተበት ዘመን «በዝብዝ» የሚል ስም ያለው አለቃ ስለ ራሱ ጠባይ ከመናገር ይልቅ ተከታዩ ምን እንደሚያገኝ ማስታወቁ ነበር። የፈረስ ስም ከሁሉ በፊት ለሠራዊት የቀረበ ጥሪ ነው የሚለው አስተያየት ከዚህ ይነሣል፤ ሥራው ሳይሠራ በፊት የተከፈለ ቀብድ ዓይነት ነበርና፣ ባለስሙ ቀሪውን በጦር ሜዳ መክፈል ይጠበቅበታል።

የዐፄ ምኒልክ «ዳኘው» እና የራስ መኰንን «ቃኘው» በዚህ ረገድ ልዩ ጥበብ አላቸው፤ ምክንያቱም በአማርኛ አካሄድ ሁለቱም ቃላት እንደ ትእዛዝም እንደ ተፈጸመ ድርጊትም ሊነበቡ ይችላሉ። «ዳኘው» ማለት እርሱን ዳኝ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ዳኝቶ ጨርሷል ማለትም ሊሆን ይችላል። ቃኘም እንዲሁ አገር መሰለልን ወይም መጎብኘትን ሲያመለክት፣ በባለክራር አፍ ደግሞ ጅማቱን አጥብቆና አላልቶ ድምፅ ማስማማት ነው፤ በሐረር አስተዳዳሪነታቸውና በአውሮፓ ተልእኳቸው ለሚታወሱት መኰንን ሁለቱም ትርጉም አይከፋም። የራስ አሉላ «ነጋ» ትእዛዝ የለበትም፤ ጎሕ ሲቀድ የሚባል አንዲት ቃል ብቻ ነች። የራስ ተፈሪ «ጠቅል» ግን ጠቀለለ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ አገሩን በሙሉ በአንድ እጅ መያዝን የሚያልም ሰው ስም መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና፣ ልጅ ኢያሱ ደግሞ አባ ጤና መባላቸው፣ በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ ብርታትን ሌላው ደኅንነትን የሚያነሣ ሆኖ ተገኝቷል።

ከክርስትና ስም ጋር ሲነጻጸር የፈረስ ስም ተግባር ይበልጥ ይጠራል። የክርስትና ስም በቅዳሴ፣ በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ የሚነሣ፣ ደብተራ ወይም ጠንቋይ ሰምቶት መድኃኒት እንዳይሠራበት ከባዕድ ጆሮ የሚጠበቅ ስም ነው፤ ዛሬ ሰው የይለፍ ቃሉን እንደሚደብቀው ማለት ይቻላል። የፈረስ ስም ተቃራኒው ነው፤ ካልተጮኸ ዋጋ የለውም። ወታደሩ በግብር አዳራሽ ጌታው ፊት ቆሞ ሲፎክር፣ በውጊያም ጠላቱን ሲጥል «ዘራፍ» ብሎ የማን አሽከር እንደሆነ የሚያስታውቀው የጌታውን የፈረስ ስም በመጥራት ነበር። የወይዛዝርት ስያሜ በዚህ መንገድ አልሄደም፤ እቴጌ ጣይቱ ለራሳቸው የያዙት «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚለው ግዕዝ ማኅተም ላይ የሚቀረጽ እንጂ በጦር ሜዳ የሚጮኽ አልነበረም።

ስሙ ከሰውየው ጋር ተስማምቶ ምን ያህል ሊዋሐድ እንደሚችል ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የበለጠ ምሳሌ የለም። ከጨቦ ምድር በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡት እኒህ ሰው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነው በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በዚያው ሥልጣን ቆዩ። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነበር፤ መላ ማለት ዘዴ፣ ከጭንቅ መውጫ ብልኃት ነው። ስለ ፍርዳቸውና ስለ አስተዋይነታቸው የሚነገረው ተረት እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ የትኛው በእርግጥ የተፈጸመ፣ የትኛው ለስሙ ማድመቂያ የተጨመረ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ የሚታየው ነገር ሕዝቡ ስሙን እንደ ማስረጃ መቁጠሩ ነው፤ ብልኅ ፍርድ በተሰማ ቁጥር ወደ አባ መላ ይጠጋል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ሀብተ ጊዮርጊስ የሸዋን ጦር ይዘው የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን ሲገጥሙና ንጉሡ ሲማረኩ፣ በሰው አፍ የተጋጠሙት አባ መላና አባ ሻንቆ ነበሩ፤ የጦርነቱን ታሪክ ለማያውቅ ሰው ሁለት ፈረሶች የተጣሉ ይመስላል።

ፈረሱ ሲሞት ስሙ አልሞተም፤ ባለቤቱ ሲሞትም እንዲሁ። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮሪያ የላኩትን ሻለቃ ጦር በአባታቸው ፈረስ ስም ቃኘው ብለው ሰየሙት፤ የመጀመሪያው ሻለቃም በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ይኸንኑ ስም ወስዶ እስከ 1969 ዓ.ም. ቆየ፤ ቃኘ የሚለው ግሥ አገር መሰለልንም እንደሚያመለክት ለሚያስታውስ ሰው፣ የሌሎችን መልእክት ሲያዳምጥ ለኖረ ጣቢያ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። በዚያው በ1969 ዓ.ም. ደርግ የሶማሊያን ጦር ለመመከት ሚሊሺያ ያሠለጠነበት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ሰፈር ታጠቅ ተባለ፤ ንጉሥን ያወረደው መንግሥት የንጉሥ ፈረስ ስም ከመዋስ አላፈረም። መቀሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ዛሬም አሉላ አባ ነጋ ላይ ያርፋል፤ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣውም ጅማ አባ ጅፋር ነው። ስሞቹን አሰባስበው በጥናት መልክ ያቀረቡት ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ሲሆኑ፣ ሥራቸው በ1961 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ታትሟል፤ ጊዜውም ልማዱን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት የነበሩበት ስለሆነ ሥራው በሰዓቱ የተሠራ ነው።

ልማዱ ራሱ የቆየው እስከ አርበኞች ዘመን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጎጃም በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ገረሱ ዱኪ አባ ቦራ ይባሉ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ግን ሹመት የሚገኘው በቢሮና በጦር ትምህርት ቤት በኩል ሆነ፤ ፈረስም ወደ ጉግስ ሜዳና በአዊ ዞን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ወደሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ተመለሰ። ሰው ለራሱ ስም ማውጣቱን ግን አላቆመም፤ ዓላማው ብቻ ተገለበጠ። በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ጽሑፎች ጥላሁን ታከለ በመሰለ የብዕር ስም ይወጡ ነበር፤ በረሃ የወረደ ታጋይም ቤተሰቡ እንዳይጠቃ ሌላ ስም ይይዛል። ለገሠ ዜናዊ በደርግ የተገደለውን የተማሪ መሪ የመለስ ተክለን ስም ወስዶ መለስ ዜናዊ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። የፈረስ ስም ባለቤቱን ከሩቅ ለማሳወቅ የወጣ ነበር፤ የትግል ስም ግን ባለቤቱን ይሰውር ነበር፣ ምንም እንኳ የመለስ ዓይነቱ የሟችን አደራ በአደባባይ የሚያነሣ ቢሆንም።

ሁለቱ ዓላማዎች እንደገና የተገናኙት በፓልቶክ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሌሊቱን ሙሉ ፖለቲካ የሚከራከሩበት ይህ የድምፅ መወያያ፣ ማንም ሰው ከመግባቱ በፊት የሚጠራበትን ስም ራሱ እንዲያወጣ ይጠይቅ ነበር፤ ፊት አይታይም፣ የተወለዱበትን ስምም የሚጠይቅ የለም። ከመድረኩ መሪዎች በይበልጥ ከታወቁት አንዱ ይዞ የመጣው ስም አባ መላ ነበር፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ካረፉ ሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አድማጮች ማይክ ሲለቀቅ «አባ መላ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ የፈረሱ ነገር ግን ለማንም ትዝ አላለውም።