የአረጋውያን የደም ግፊት ክትትል በቤት ውስጥ፦ የማኅበረሰብ ነርሶች ሚና

በሕዝቡ ዘንድ «ደም ብዛት» እየተባለ የሚጠራው ከፍተኛ የደም ግፊት ሕመም ሳይሰማ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል ወደ 1.28 ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ በሽታ ያለባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም።

«የእርጅና ነገር ነው» ብሎ መተው ግን ስሕተት ነው። ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሕሙማንን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት፣ ሕክምናው በዚያ ዕድሜም ሞትን በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አስቸጋሪው መድኃኒቱን ማዘዙ ሳይሆን፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ እንዲወሰድ ማድረጉ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚያገለግሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩ በነርስነት ዲፕሎማ ያላቸውን ባለሙያዎች ተጨማሪ የሦስት ወር ሥልጠና በመስጠት ያሰማራ ሲሆን፣ አንዲት ባለሙያ 500 ያህል አባወራዎችን ቤት ለቤት እንድታገለግል ታስቦ የተነደፈ ነው። ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችም ከሥራ ዘርፎቹ መካከል ይገኛሉ።

የቤት ጉብኝቱ ዋና ጥቅም በጤና ጣቢያ የማይታየውን ማሳየቱ ነው። ነርሷ አረጋዊውን ጀርባቸውን አስደግፋ ለአምስት ደቂቃ ካሳረፈች በኋላ፣ ክንዳቸውን በልብ ትክክል አድርጋ ሁለት ጊዜ ትለካለች። ከዚያም ከተቀመጡበት አስነሥታ በአንድና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግማ መለካት ይኖርባታል። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለመውደቅ አደጋ ተጋልጠዋል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ከአልጋ ሊያስቀር ስለሚችል፣ መለኪያው ዝቅ ማለቱን ብቻ አይቶ መደሰት አይገባም።

መድኃኒት የሚቋረጥበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ በጥያቄ ይወጣል። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ሽንት የሚያበዛውን ክኒን ደግሞ አረጋውያን መንገድ ሲወጡ ወይም ወደ ጸሎት ሲሄዱ ይተዉታል። ሐኪም እንዲለውጠው ወይም ሰዓቱን እንዲያስተካክለው ማድረግ ይቻላልና፣ መቆጣት ፋይዳ የለውም። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ እንደሚያደርጉም ብዙዎች አያውቁም። ጨው ሲነሣ፣ በወጡ ላይ ከሚነሰነሰው በተጨማሪ አስቀድሞ በበርበሬውና በሽሮው የገባው መቆጠር አለበት፤ የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ልጆች ለወላጆቻቸው መለኪያና መድኃኒት መላካቸው የተለመደ ነው። የሚላከው መለኪያ በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረው ቢሆን ይመረጣል። መድኃኒቱ ግን በሌላ የንግድ ስም የመጣ አንድ ዓይነት ክኒን ሊሆን ስለሚችል፣ ነርሷ ወይም ሐኪሙ ከነማሸጊያው ሳያዩት መጀመር ለእጥፍ መጠን ያጋልጣል።

የላይኛው ቁጥር 180 ወይም የታችኛው 120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ የአንድ ወገን መስነፍ ወይም የንግግር መተሳሰር ከታየ፣ የሚቀጥለውን ጉብኝት ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።