ኪር ሃርዲ

ጄምስ ኪር ሃርዲ (ኦገስት 15 ቀን 1856 – ሴፕቴምበር 26 ቀን 1915 እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ የሠራተኞች መሪ፣ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ነበር። ከብሪታንያ ሌበር ፓርቲ (የሠራተኞች ፓርቲ) መሥራቾች ዋነኛው ሲሆን፣ በፓርላማም የፓርቲው የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆኗል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ሃርዲ በላናርክሻየር፣ በሆሊታውን አካባቢ ተወለደ። እናቱ ሜሪ ኪር የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እንጀራ አባቱ ዴቪድ ሃርዲ የመርከብ አናጢ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ ማለት አይቻልም፤ ማንበብን የተማረው ከወላጆቹ ነው። ሥራ የጀመረው በ7 ዓመቱ በተላላኪነት ነበር። በኋላም በግላስጎው ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ያመላልስ ጀመር። ራሱ እንደተረከው፣ እንጀራ አባቱ ሥራ ፈት፣ እናቱ ነፍሰ ጡር፣ ወንድሙም በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ፣ ሌሊት ሲያስታምም እያደረ ሁለት ጊዜ አረፈደ። አሠሪው ከቤተሰቡ ጋር ቁርስ ቀርቦ ሳለ አስጠርቶ አባረረው፤ የሳምንቱንም ደመወዝ ከለከለው። ለቤቱ ከዚህ በቀር ሌላ ገቢ አልነበረውም።

በ10 ዓመቱ ወደ ድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ወረደ። ሥራው በጨለማ ተቀምጦ የአየር መተላለፊያውን በር መክፈትና መዝጋት ነበር። እስከ 23 ዓመቱ ድረስ በማዕድን ሥራ ቆየ። በዚያው ጉድጓድ ውስጥ አጭር ጽሕፈት ተለማመደ፤ ይህም ኋላ ለጋዜጠኝነቱ ጠቀመው። የመጠጥ ተቃዋሚም ነበረ፣ እስከ ሞቱም ከዚህ አልተለወጠም።

ከማኅበር ወደ ፓርላማ

ስለ ደመወዝ መናገር በመጀመሩ የማዕድን ባለቤቶች ሥራ ከለከሉት። ወደ ኤርሻየር ሄዶ በካምኖክ ተቀመጠ፤ በጋዜጣ ጽሑፍ እየኖረ የማዕድን ሠራተኞችን ማኅበር አደራጀ። መጀመሪያ የሊበራል ፓርቲ ደጋፊ ነበር። ፓርቲው ግን ሠራተኛ ዕጩ ሊያቀርብ አልፈለገም። ስለዚህ በ1888 በመካከለኛ ላናርክ ማሟያ ምርጫ ለብቻው ተወዳድሮ 617 ድምፅ ብቻ በማግኘት መጨረሻ ወጣ። በዚያው ዓመት የስኮትላንድ ሌበር ፓርቲ ተመሠረተ።

በ1892 በለንደን ዳር ካለው ደቡብ ዌስት ሃም ተመረጠ። የፓርላማ አባላት ረጅም ኮትና ከፍ ያለ ቆብ በሚለብሱበት ዘመን እሱ ተራ የሱፍ ልብስና የጨርቅ ቆብ አድርጎ ገባ፤ ጋዜጦች ለዓመታት ስለ ቆቡ ጻፉ። በ1893 በብራድፎርድ የነፃው ሌበር ፓርቲ ሲቋቋም መሪው ሆነ።

በጁን 23 ቀን 1894 በደቡብ ዌልስ የአልቢዮን ማዕድን ፈንድቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት የኋላው ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ተወለደ። ምክር ቤቱ የደስታ መግለጫ ሲያዘጋጅ ሃርዲ ለሟቾች ቤተሰቦች የሐዘን ቃል እንዲጨመር ጠየቀ። እምቢ ሲሉት ተነሥቶ የንጉሣዊውን ቤት ተቸ፤ ንግግሩም በጩኸት ተዋጠ። በ1895 ምርጫ ወንበሩን አጣ።

የሌበር ፓርቲ መመሥረት

በፌብሩዋሪ 1900 የሠራተኛ ማኅበራትና የሶሻሊስት ድርጅቶች ለንደን ላይ ተሰብስበው የሠራተኞች ውክልና ኮሚቴን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ሃርዲ ከዌልስ ሜርተር ቲድፊል ተመረጠ፤ ኮሚቴው ያገኘው 2 ወንበር ብቻ ነበር። በ1901 የጌቶች ምክር ቤት በታፍ ቬል የባቡር ጉዳይ፣ ማኅበር ለአድማው ኪሣራ ይከፍላል ብሎ ሲፈርድ፣ እስከዚያ ያመነቱ ማኅበራት ወደ ኮሚቴው ጎረፉ። ከሊበራሎች ጋር በምስጢር የተደረገ ስምምነትም ረዳ። በ1906 ምርጫ 29 ሰዎች ገቡ፤ ስሙም ሌበር ፓርቲ ሆነ። ሃርዲ በ1 ድምፅ ብልጫ ሊቀ መንበር ተባለ፤ ነገር ግን አደባባይ ላይ መናገር እንጂ የምክር ቤት ቡድን መምራት አይሆንለትም ነበርና በ1908 ለቀቀ።

ሃርዲ የሴቶችን የመምረጥ መብት ደገፈ፤ በ1907 ሕንድን ጎብኝቶ ሕንዶች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ተናገረ። የቅርብ ወዳጁ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በኋላ የኢትዮጵያ ጠበቃ ሆና በአዲስ አበባ ኖረች፤ መቃብሯም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። የልጇ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት መካከለኛ ስም ኪር የተባለው በሃርዲ ነው።

ጦርነትና ሞት

በኦገስት 1914 ጦርነቱን ተቃወመ። በራሱ የምርጫ ክልል፣ በአበርዴር በተጠራ ስብሰባ፣ ሕዝቡ እየጮኸ አላናግር አለው። ጤናው ተሰብሮ በ59 ዓመቱ በግላስጎው በሳምባ ምች ሞተ። ወንበሩን በማሟያ ምርጫ የወሰደው የጦርነቱ ደጋፊ የነበረው ቻርልስ ስታንተን ነበር።