የበረዶ ሆኪ ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ በተካሄደው የ1980 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሊምፒክ የሶቭየት ኅብረት የበረዶ ሆኪ ቡድን ከአስተናጋጇ ሀገር ጋር ተገናኘ። ሶቭየቶች ያለፉትን አራት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቆች የወሰዱ ኀያላን ነበሩ። አሜሪካውያኑ ደግሞ አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የተውጣጡ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጠናቀቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው አሜሪካ አስቆጥራ ውጤቱ 2 ለ 2 ኾነ። በዚህ የተቆጡት የሶቭየት አሠልጣኝ ቪክቶር ቲኾኖቭ በዘመኑ የዓለም ምርጥ የሚባለውን ግብ ጠባቂ ቭላዲስላቭ ትሬትያክን አስወጥተው ቭላዲሚር ሚሽኪንን አስገቡ። ጨዋታው በአሜሪካ 4 ለ 3 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ወርቁም ከሶቭየቶች እጅ ወጣ። ቲኾኖቭ ከዓመታት በኋላ ያ ውሳኔ ትልቁ ስሕተታቸው እንደነበር ተናግረዋል።

ለመኾኑ የአንድ ግብ ጠባቂ ምርጫ ይህን ያህል ክብደት ያለው ለምንድን ነው?

የበረዶ ሆኪ በሁለት ቡድኖች መካከል በረዶ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ የሚካሄድ ስፖርት ነው። ተጫዋቾቹ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ፣ ልክ እንደ ገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ይጫወታሉ። የሚመታው ግን ሩር ሳይኾን "ፓክ" የሚባል፣ ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ክፍለ ጊዜያት አሉት።

ግቡ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ብቻ ያለው ነው። ከእግር ኳስ ግብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ቢኾንም ፓኩ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። አንድ ግብ ጠባቂ በአንድ ጨዋታ 30 ያህል ሙከራዎችን ሊያስተናግድ ይችላል። ከ30 ሙከራ 27ቱን ያዳነ ግብ ጠባቂ 90 በመቶ አዳነ ይባላል። 28ቱን ያዳነው ደግሞ 93 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ግብ ናት፤ ብዙ የፍጻሜ ጨዋታዎች የሚወሰኑትም በአንዲት ግብ ነው።

ብሔራዊ ቡድኖች ለኦሊምፒክ ሦስት ግብ ጠባቂዎችን ይይዛሉ። በሜዳ ላይ የሚቆመው ግን አንዱ ብቻ ነው። እንደ እግር ኳስ ሁሉ ወጥቶ የማይመለስበት ሕግ ባለመኖሩ አሠልጣኙ በፈለገው ሰዓት ግብ ጠባቂ መቀየር፣ የወጣውንም መልሶ ማስገባት ይችላል። ይህ ነጻነት የአሠልጣኙን ፈተና ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

መራጮች በቅድሚያ የሚመለከቱት በክለብ የታየውን ብቃት ነው። በሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ አንድ ክለብ በመደበኛው የውድድር ዘመን እጅግ በርካታ ጨዋታዎችን ያደርጋል። ስለዚህ የግብ ጠባቂው ጥሩ ቀንም መጥፎ ቀንም በሚገባ ይታያል። ይኹን እንጂ አኀዙ ብቻውን አይበቃም። ጠንካራ ተከላካይ ያለው ክለብ ግብ ጠባቂውን ከከባድ ሙከራዎች ይጋርድለታል፤ በደካማ ክለብ የሚጫወተው ግን ብቻውን ይጋፈጣል። በኦሊምፒክ ደግሞ ለፍጻሜ የሚደርስ ቡድን የሚያደርገው ከስድስት ወይም ከሰባት የማይበልጥ ጨዋታ በመኾኑ ስሕተትን ለማረም ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የቆየ ዝና ይቅደም ወይስ የዛሬ ብቃት የሚለው ነው። በዚህ ረገድ የካናዳ ተሞክሮ ይጠቀሳል። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ የካናዳው አሠልጣኝ ፓት ክዊን የመጀመሪያውን ጨዋታ በቶሮንቶ ክለባቸው ለሚያሠለጥኑት ለከርቲስ ጆሴፍ ሰጡ። ካናዳ በስዊድን 5 ለ 2 ተሸነፈች። አሠልጣኙ ከቀጣዩ ጨዋታ ጀምሮ ማርቲን ብሮደርን አሰለፉ። ካናዳም በፍጻሜው አሜሪካን 5 ለ 2 አሸንፋ ከ50 ዓመታት በኋላ ወርቁን አገኘች። ያቺው ስዊድን በሩብ ፍጻሜው በቤላሩስ 4 ለ 3 ስትሸነፍ ወሳኟ ግብ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ተመትታ የግብ ጠባቂውን የቶሚ ሳሎን የራስ መከላከያ ነክታ የገባች ነበረች።

ከስምንት ዓመታት በኋላ በቫንኩቨር ፈተናው በራሱ በብሮደር ላይ ደረሰ። በወቅቱ የ37 ዓመቱ ብሮደር በሊጉ ታሪክ ብዙ ጨዋታዎችን ያሸነፈ ግብ ጠባቂ ነበር። ካናዳ በምድብ ጨዋታ በአሜሪካ 5 ለ 3 ስትሸነፍ ግን አሠልጣኙ ማይክ ባብኮክ ቦታውን ለሮቤርቶ ሉዎንጎ ሰጡ። ሉዎንጎ በፍጻሜው 24 ሰከንድ ያህል ሲቀር የአቻነት ግብ ተቆጠረበት። ኾኖም በተጨማሪ ሰዓት ሲድኒ ክሮዝቢ አስቆጥሮ ካናዳ 3 ለ 2 አሸነፈች።

ትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ጊዜ ከተገኘ ደግሞ አነስተኛ ግምት የተሰጠውን ቡድን ለድል ያበቃል። በ1998 በናጋኖ የቼኩ ግብ ጠባቂ ዶሚኒክ ሃሼክ በግማሽ ፍጻሜው መለያ ምት ከአምስት ካናዳውያን አንድም ግብ አልተቆጠረበትም። በፍጻሜውም ቼክ ሩሲያን 1 ለ 0 አሸነፈች።

ሦስተኛው ግብ ጠባቂስ? እርሱ ምናልባት አንዲትም ደቂቃ ላይጫወት ይችላል። ሥራው በልምምድ ላይ የቡድን ጓደኞቹን ሙከራ መቀበልና ሁለቱ ቢጎዱ ዝግጁ ኾኖ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ለዚህ ቦታ ከብቃት ባልተናነሰ ትዕግሥትና ቅንነት ይታያል።

የሌክ ፕላሲድን ውሳኔ ከካናዳ ውሳኔዎች የሚለየው የተተኪው ማንነት አይደለም። ሚሽኪንም ከዚያ በፊት በ1979 የሰሜን አሜሪካውን ሊግ ምርጥ ተጫዋቾች ያለ ግብ የመለሰ ነበር። ልዩነቱ ውሳኔው የተሰጠበት መንገድ ነው። ክዊንና ባብኮክ በጨዋታዎች መካከል፣ ነገሩን አይተውና መዝነው ቀየሩ። ቲኾኖቭ ግን በአንዲት ግብ ምክንያት፣ በቁጣ ሰዓት ወሰኑ። የአንዲት ሌሊት ንዴት የዓመታት ዝግጅትን ሊያሳጣ እንደሚችል የዚያ ቀን ውጤት ዛሬም ይመሰክራል።